ከሙላጎ ሕፃናት የተማርነው

ካምፓላ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ እርጅና ሳስተምር ከሽማግሌ አልጀምርም፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ሙላጎ ሆስፒታል ከተኛ የአምስት ዓመት ልጅ እጀምራለሁ።

የልጁ መንጋጋ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አብጦ ነበር። ዶክተር ሂው ትሮዌል ቀዶ ሐኪሙን ዴኒስ በርኪትን ጠርቶ አሳየው። በርኪት ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ ሆስፒታል ውስጥ እንደዚያው ያበጠ ሌላ ልጅ አየ። ነገሩን በቸልታ አላለፈውም፤ የሙላጎን መዛግብት አገላብጦ በ1958 ስለዚህ የመንጋጋ ካንሰር ያገኘውን አሳተመ። በ1961 ከሁለት ሐኪም ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና እስከ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ በሽታው የት እንዳለ፣ የት እንደሌለ በየሆስፒታሉ ጠየቀ። ከካምፓላ ወደ ለንደን በተላከ የዕጢ ናሙና የተነሣም በ1964 አንቶኒ ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ በሰው ላይ ካንሰር በማምጣት የታወቀውን የመጀመሪያውን ቫይረስ አገኙ። በ1967 ሙላጎ ላይ የኡጋንዳ ካንሰር ተቋም ተመሠረተ።

በ1982 ደግሞ በዕጢው ውስጥ ሚክ የተባለው ጂን ከክሮሞሶሙ ተነቅሎ ሌላ ክሮሞሶም ላይ መለጠፉ ታወቀ። ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሕዋስን እንዲያድግና እንዲባዛ ያዛል። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ግን ብዙ አይቆይም፤ ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ምልክት ሆኖ ይለጠፍበታል፣ ፕሮቲያሶም የተባለው የሕዋሱ ማፍረሻም ይከታትፈዋል። ይህን ሥርዓት የገለጡት ሲካኖቨር፣ ሄርሽኮና ሮዝ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በበርኪት ስም በሚጠሩት በብዙዎቹ ዕጢዎች ውስጥ ግን ሚክ ራሱ ስለተለወጠ በወጉ ምልክት አይደረግበትም፤ መፍረስ ሲገባው ይቆያል።

እርጅናም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዕድሜ ሲገፋ የማፍረሱ ሥራ በብዙ የሰውነት ክፍሎች ይዳከማል፤ የተበላሹ ፕሮቲኖችም ይከማቻሉ። ሚክ ራሱም ከዕድሜ ጋር ይያያዛል፤ በ2015 የታተመ ጥናት አንድ የሚክ ቅጂ ብቻ ያላቸው አይጦች ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተሻለ ጤና እንደኖሩ አሳይቷል። ሕፃኑን የሚገድለው የሚክ መብዛት ነው፤ አይጧን ያቆያት ማነሱ ነው።

ስለዚህ የእርጅና ሳይንስ ለሙላጎ ሕፃናት ባለዕዳ ነው። ዕዳው የሚከፈለው ዛሬ የሚታመሙትን በማዳን ነው። የልጃችሁ መንጋጋ ቢያብጥ የጥርስ ሕመም ነው ብላችሁ አትዘግዩ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም አሳዩት። በጊዜ ከተደረሰበት በኬሞቴራፒ ሊድን የሚችል በሽታ ነው።