የወጥ ቤት ስም የወጣለት ቦምብ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ አንድ ፊልም እንኳ ያየ ሰው ያውቀዋል። የጀርመን ወታደር ቀበቶው ላይ ወይም ከስክሱ ውስጥ የሚሰካው፣ እጀታው እንጨት፣ ራሱ ጣሳ የሚመስለው የእጅ ቦምብ። እንግሊዞች «ድንች መጨፍለቂያ» አሉት። ሩሲያውያን «ኮሎቱሽካ» ብለው ጠሩት፤ የእንጨት መዶሻ እንደማለት ነው። ሐበሻ ቀድሞ አይቶት ቢሆን «ዘነዘና» ሳይለው አይቀርም ነበር። የጀርመን ጦር መዝገብ የሰጠው ስም ግን ደረቅ ነው፦ «ሽቲልሃንድግራናተ»፣ ባለ እጀታ የእጅ ቦምብ።

የተወለደው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1914 የጀርመን ወታደር የያዘው አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ኳስ ነበር፤ አርቆ ለመወርወር ጉልበት ይፈትናል። የእንግሊዞቹ ደግሞ የባሰ ነበር። ረጅም ዘንግ ያለው ቦምባቸው የሚፈነዳው ከአንዳች ነገር ጋር ሲጋጭ ነው። ጠባብ ምሽግ ውስጥ ቆሞ ለመወርወር ክንዱን ወደኋላ የሚስብ ወታደር ቦምቡን ከኋላው ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር ያጋጨዋል፤ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ብዙዎቹ እሱን ትተው በማርማላታ ጣሳ ውስጥ ፈንጂ እየጠቀጠቁ የራሳቸውን ቦምብ መሥራት ጀመሩ። በ1915 ሁለቱም ወገኖች መላ አገኙ፦ እንግሊዞች ክቡን «ሚልስ»፣ ጀርመኖች ባለ እጀታውን።

እጀታው ለጌጥ አልነበረም። ክንድን ያስረዝማል፤ ደህና ወርዋሪ ከ30 እስከ 40 ሜትር ያደርሰዋል። ቁልቁለት ላይ ሲወድቅም እንደ ክብ ቦምብ እየተንከባለለ ወደ ባለቤቱ አይመለስም። ዋጋው ግን ቦታ ነው። በ1924 የወጣው ታዋቂው ሞዴል 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመትና 600 ግራም ያህል ክብደት አለው፤ ከዚህ ውስጥ ፈንጂው 170 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ወታደሩ በብዛት የሚሸከመው እንጨት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህም ጀርመኖች በ1917፣ ኋላም በ1939 ኪስ የሚገባ ትንሽ ቦምብ ጨመሩ። ስሙን ራሱ ጦሩ «የእንቁላል ቦምብ» ብሎ መዘገበው፤ ለቅጽል ስም አውጪዎች የተረፈ ሥራ አልነበረም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የራሱን ቆርቆሮ ስስነት ነው። የሚልስ ቦምብ ወፍራም ብረት ነው፤ ሲፈነዳ ፍንጣሪው ሩቅ ስለሚሄድ የወረወረው ሰው መከለያ ያስፈልገዋል። በ1918 የጀርመን አጥቂ ጓዶች ግን ቦምቡን በአፈር ጆንያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሜዳ ላይ እየሮጡ ነበር የሚወረውሩት። የራሳቸው ፍንጣሪ እንዳይመታቸው፣ ምሽግ ውስጥ ያለውን ሰው ግን በግፊት ብቻ የሚጥል ቦምብ ፈለጉ። የሚያጠቃ ጦር ቦምብ ነው። በሁለተኛው ጦርነት መሃል፣ ጀርመን ከማጥቃት ወደ መከላከል ስትዞር፣ ራሱ ላይ የሚጠለቅ ፍንጣሪ የሚሰጥ የብረት ቀለበት ተሠራለት። የጦርነቱን አቅጣጫ ከዚያ ቀለበት ማንበብ ይቻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ ላይ የሚያቀጣጥለው ገመድ ከእጀታው ጫፍ ወጥቶ ይንጠለጠል ነበር። በእሾሃማ ሽቦ መሃል በደረቱ ለሚሳብ ወታደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ገመዱ አንድ ጊዜ ከተያዘ ሰኮንዶች ብቻ ይቀሩታል። ኋላ ላይ ገመዱ እጀታው ውስጥ ገብቶ በክዳን ተዘጋ። ሞዴል 24 ራሱ ላይ ደግሞ ማፈንጃው ከመጠቀም በፊት እንዲገባ የሚያሳስብ ጽሑፍ ታትሞበታል። ይህን የረሳ ሰው የወረወረው ዱላ ነው።

ወደ ስሞቹ እንመለስ። የአሜሪካው ቦምብ «አናናስ»፣ የሩሲያው «ሎሚ» ተባለ። በፈረንሳይኛ ቦምቡና ሮማን የተባለው ፍሬ አንድ ስም አላቸው፤ በዕብራይስጥም «ሪሞን» ሁለቱንም ይጠራል፣ ቃሉም የአማርኛው ሮማን ዘመድ ነው። ይህ ሁሉ ሞትን ለማቅለል ነው የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት ነው። በጨለማ ከጓደኛው ቦምብ የሚጠይቅ ወታደር አጭርና የታወቀ ቃል ይፈልጋል፤ ለወጣት ገበሬና ለፋብሪካ ሠራተኛ ከማድ ቤት የቀረበ ቃል የለም። ደግሞም ሁሉም ስም አላቀለለም። ሰሜን አፍሪካ ላይ እንግሊዞች ቀዩን የጣሊያን ቦምብ «ቀይ ሰይጣን» ያሉት፣ ወድቆ ሳይፈነዳ ቀርቶ በኋላ የነካውን ሰው ስለሚገድል ነበር።

ባለ እጀታው ቦምብ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ከጀርመን ውጪ ነው። በ1930ዎቹ የጀርመን መኮንኖች የቺያንግ ካይ ሼክን ጦር ያማክሩ ነበር፤ የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ዓይነት በብዛት አምርተው ጃፓንን ተዋጉበት። በቬትናም ጦርነትም ታየ። ጀርመን ራሷ ግን ከ1945 በኋላ እጀታውን ተወችው።

ቤልጅየም፣ ፍላንደርስ ውስጥ የገበሬ ማረሻ ዛሬም የአንደኛውን ጦርነት ጥይትና ቦምብ ያወጣል። የእንጨቱ እጀታ በስብሶ አልቋል። የቀረው የዛገ ጣሳ ነው፤ ድንች መጨፍለቂያ አይመስልም፣ መዶሻም አይመስልም። ገበሬው ሳይነካው ከማሳው ዳር ምልክት ያደርግና የጦሩ ቦምብ አምካኞች እስኪመጡ ይጠብቃል።