የአፍ ውስጥ ቁስለትና የህንድ ጥንታዊ ሕክምና

ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ልጄ አፉ ውስጥ ቁስል ይወጣበታል፤ ይድንና ተመልሶ ይመጣል። የህንድ ባህላዊ መድኃኒት ፍቱን ነው ብለውኛል፤ ልስጠው?» መልሱን ከታሪኩ እንጀምር።

አዩርቬዳ የሚባለው የህንድ ሕክምና ከ2000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በሱሽሩታ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ይህን ሕመም «ሙክሃፓካ» ይለዋል፤ «የአፍ መብሰል» እንደማለት ነው። ሐኪሞቹ በተለይ የሚያቃጥለውን ቁስል «ፒታ» የሚሉት የሰውነት ሙቀት ሲበዛ የሚመጣ አድርገው ያዩት ነበር። ስለዚህ አፍን «ትሪፋላ» በተባሉ ሦስት ፍሬዎች ውኃ ያስጉመጠምጡ፣ ማር ያስቀቡ፣ ምግብም ያስለውጡ ነበር።

ቁስሉ ከሌላው የሰውነት ክፍል ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ማሰባቸው ትክክል ነበር። ዛሬ የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ቁስሉን እንደሚያመላልሰው እናውቃለን። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቱርካዊው የቆዳ ሐኪም ሁሉሲ ቤህቼት የአፍ ቁስል፣ የብልት ቁስልና የዓይን መቆጣት አንድ በሽታ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳየ። ይህ በሽታ ካልታከመ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ታዲያ መድኃኒቱ ለምን ፍቱን ተባለ? ትንንሾቹ ቁስሎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። በዚያ ሳምንት የተወሰደው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል።

አሳሳቢው የሚዋጠው ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ፣ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም።

ስለዚህ፦
✅ መትፋት ለሚችል ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ አጉመጥምጡት።
❌ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ወይም እንክብል አታውጡት። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አትስጡ።
🏥 ቁስሉ ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የዓይን መቅላት ወይም የብልት ቁስል ካለ፣ ልጁም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መድኃኒት ሰጥታችሁትም ከሆነ ዕቃውን ይዛችሁ ኑ፤ ማንም አይቆጣችሁም።