ከ«በእንተ ስማ ለማርያም» እስከ ሞዴል 64

ደብረ ወርቅ ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በጥንታዊው የማርያም ደብሯ የምትታወቅ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ያደገ ሰው ዜማና ልመና ጎን ለጎን የሚሄዱ መሆናቸውን ለመረዳት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በበትሩ ውሻ እየተከላከለ ከደጅ የሚቆመው የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው በዜማ ነው። ጎሕ ሳይቀድ መጥተው የቤቱን ጌታ በስሙ እየጠሩ የሚያዜሙት ላሊበሎችም እንዲሁ። ያለው ይሰጣል፤ የሌለው፣ ወይም መስጠት ያልፈለገ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሸኛል። በዚህች አጭር ቃል ሰጪውም ለማኙም ክብራቸውን ይዘው ይለያያሉ። ዛሬ ላወሳ የምፈልገው ያቺ ቃል ያልተፈቀደችበትን አንድ ቀን ነው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ሲወልድ፣ ቀበሌ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ኪነትን ወለደ። ከቀበሌ እስከ አውራጃ፣ ከአውራጃ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ያልነበረው አካል ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ደብረ ማርቆስ ግሽ ዓባይን፣ ጎንደር ፋሲለደስን፣ ደሴ ደግሞ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያየንበትን ላሊበላን አፈሩ። እነዚህ ስማቸው የተረፈው ናቸው። ከእነርሱ ሥር ስማቸው የትም ያልተጻፈ፣ ደመወዝ የሌላቸው፣ ከትምህርት ቤት መልስ በአዳራሽ የሚለማመዱ የአማተሮች ጭፍራ ነበረ። ሥርዓቱ የፈለጋቸው ለቅስቀሳ እንደነበር አልክድም፤ ይሁን እንጂ ዛሬ የምናደንቀው የባህል ሙዚቃ ባለሙያ ብዙው ጣቱን ያፍታታው እዚያ መሆኑን መካድም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህ ጸሐፊም ከበሮ መቺ ነበር። ዘጠኝ ልጆች ነበርን፤ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ ሁለት ዋሽንት፣ አንድ ከበሮ፣ የቀረው ዘፋኝና ተወዛዋዥ።

1977 ዓ.ም. እንዴት እንደገባ ያነበበ ያውቀዋል። መስከረም ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ አከበረች፤ በጥቅምት 13 ቀን ደግሞ የቢቢሲው ማይክል በርክና የፎቶግራፍ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሡት ምስል ለዓለም ታየ። ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው ግን በቴሌቪዥን አልነበረም። ዓባይን ተሻግረው የመጡ ወሎዬዎች በየደብሩ ቅጥር አርፈው ነበርና በዓይናችን አየነው።

በበጋው ለድርቅ ተጎጂዎች ገቢ የሚያስገኝ ትርኢት እንድናሳይ ታዘዝን። በገበያው ሜዳ በርሜል ተደርድሮ ሳንቃ ተረበረበበት፤ ከሌላ ከተማ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሞንታርቦ መጣ። ከበሮዬን ይዤ ስወጣ ጉልበቴ መንቀጥቀጡ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ቀን በፊት ያን ያህል ሕዝብ ያየሁት ለጥምቀት ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን እንደ ጥምቀት ሕዝብ አልነበረም። ቲኬቱ አንድ ብር ሲሆን ከመሸጡ በፊት ተደልድሎ አልቆ ነበር፤ ለዚህ ገበሬ ማኅበር ይህን ያህል፣ ለዚያ ቀበሌ ይህን ያህል። ያልገዛ ሰው ስሙ ይያዛል። እኛ ስንጨፍር እነርሱ ቆመው ያዩናል፤ የሚያጨበጭቡት ከፊት የተቀመጡት ሹማምንት ሲያጨበጭቡ ነው።

ይህን ዝምታ ለመረዳት የዚያን አካባቢ ታሪክ ትንሽ መለስ ብሎ ማየት ያሻል። በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ባወጁ ጊዜ፣ ርስታችን ሊለካ ነው ብሎ የሠጋው የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ ለመለኪያውም ለለኪውም አሻፈረኝ አለ። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደርግ ግብር የሚለውን ቃል እየሸሸ ብዙ ሌላ ስም አገኘለት፤ መዋጮ፣ ድጋፍ፣ ኮታ። ጎጃም ትርፍ አምራች ነው ተብሎ ስለተፈረጀ፣ ገበሬው እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ያስረክብ ነበር። እንግዲህ ከሞንታርቦው ፊት የቆመው ሰው ለተራበው ወገኑ ደንታ ያጣ አልነበረም፤ በአንድ ዓመት ስንት ጊዜ «በፈቃዴ» ልበል ብሎ የታከተው ነው።

ለዚህ ምስክሬ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ትርኢቱ ሳያልቅ ቁና ሙሉ ጤፍ በአቅማዳ ተሸክመው ወደ መድረኩ ቀረቡና፣

«እናንተ ልጆች፣ ይህ ሁሉ ለወሎ ነው?» አሉን።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንኪያስ ይህንም ጨምሩልኝ።»

ገንዘብ ያዡ በትሕትና መለሳቸው። በእጁ ያለው ሞዴል 64 ነው፤ ሞዴል 64 የሚቆረጠው ለገንዘብ ነው፤ ለጤፍ የሚሆን መዝገብ አልተሰጠውም። በሰውየው አልፈርድም፤ ያለ ደረሰኝ ቢቀበል የሚጠየቀው እርሱ ነው። ሽማግሌው ኪሳቸው ገብተው ሦስት ቲኬት አወጡ፣ ለራሳቸው፣ ለሚስታቸውና ለልጃቸው የተደለደለ፣ «እንዲያ ከሆነ ይህስ ለማን ነበር?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ። ጤፉን ደብሩ ቅጥር ላሉት ወሎዬዎች አድርሰውት እንደነበር በማግሥቱ ሰማን። ትርኢታችን ከእነዚያ ሰዎች የግማሽ ሰዓት መንገድ እንኳ አይርቅም ነበር፤ ከእኛ መካከል ግን ሄደን እንዝፈንላቸው፣ ወይም እንጠይቃቸው ያለ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ከቲኬቱ ይልቅ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደን ዌምብሌይና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ። ለንደን ብቻ 72 ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኝቷል፤ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበም ይነገራል። ያ ኮንሰርት ስለ እኛ ሳለ እኛ የሌለንበት መሆኑን ብዙዎች ተችተውታል፤ ትችቱ እውነት አለው። ነገር ግን የለንደኑ ሰው ቴሌቪዥኑን ዘግቶ መተኛት ይችል ነበር። ሰጠ ከተባለ ሰጠ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ መንግሥታችን ታላላቅ ድምፃውያንን አሰባስቦ፣ «ሕዝብ ለሕዝብ» ብሎ፣ ምስጋና ለማድረስ አውሮፓንና አሜሪካን አዞረ። ለጎጃም ገበሬ ምስጋና ይዞ የመጣ ቡድን አላየሁም።

«ያ የደርግ ነገር ነው፣ አልፏል» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ወዲህ ለህዳሴው ግድብ የወር ደመወዙን ቦንድ የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ እዚህ ላይ ሊከራከረኝ ይችላል። ግድቡ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል፤ ገንዘቡም ከንቱ አልቀረም። እኔም ከልቤ የከፈልሁ ነኝ። ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ቅጹን በፈረመበት ቀን «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት የሚችል ስንት ነበር? ከልቡ የሰጠውንስ ከፈራው ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ የት አለ? የሽማግሌው አንድ ቁና ጤፍና ሦስት ቲኬት ልዩነታቸው ይኸው ነበር፤ በመዝገቡ የሰፈረው ግን ሦስቱ ብር ብቻ ነው።

የእህል ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ። ኪነታችን ደግሞ ሥርዓቱ ሳይወድቅ በፊት፣ ልጆቹ አንድም በብሔራዊ ውትድርና አንድም በትዳር እየተለዩት ተበተነ። ከበሮውን አንዱ ጓደኛችን ወሰደው፤ ለሠርግ ያከራየው ነበር።