7/9/1997፦ የቀን ቁጥር እና የዲያስፖራው ድምፅ

7/9/1997 ብላችሁ ብትጽፉ ደብረ ታቦር ያለ ሰው ግንቦት 7 ብሎ ያነበዋል። አሜሪካዊው ጁላይ 9፣ እንግሊዛዊው ደግሞ ሴፕቴምበር 7 ይለዋል። ሁለቱም ወደ ስምንት ዓመት ይሳሳታሉ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ሜይ 15 ቀን 2005 ነው፤ ሦስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የተካሄደበት ዕለት።

ውጤቱ አወዛገበ፣ ደም ፈሰሰ፣ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ። ከእስር ተፈትተው ከአገር የወጡት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ በ2000 ዓ.ም. ከጓዶቻቸው ጋር ውጭ አገር ንቅናቄ ሲመሠርቱ ያንኑ ቀን ስሙ አደረጉት፦ ግንቦት 7። ግንቦትን ዝም ብሎ ሜይ ብሎ ለሚተረጉም ፈረንጅ ግን ስሙ ሜይ 7 ይሆንበታል፤ ያ ቀን ከምርጫው ስምንት ቀን ይቀድማል።

ንቅናቄውን በገንዘብ የደገፈው ዲያስፖራ ግን በዚያ ምርጫ ካለበት አገር ሆኖ ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬም የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥን መብት ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ሁሉ ይሰጣል። የምርጫ አዋጁ ግን መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ያዛል። አዋጁ ራሱ በአማርኛ 1162/2011፣ በእንግሊዝኛ 1162/2019 ተብሎ ይጠራል።

የውጭ ዜግነት የያዘው ይቅር። ከጋይንት ወጥቶ ሪያድ የሚሠራው፣ ፓስፖርቱን ያልቀየረው ዜጋስ? ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ውጭ ላሉ ዜጎቻቸው የምርጫ ጣቢያ ይከፍታሉ። የቀኑን ልዩነት ማንም ቆጥሮ ያስተካክለዋል፤ ይህን ግን የሚያስተካክለው ሕግ አውጪው ነው።