ጊች፦ "ባዶ" የተባለው አምባ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጊች አምባ የሚወጣ መንገደኛ ዛሬ የሚያየው ጓሳ፣ ጅብራና የጭላዳ መንጋ ነው። "የሰው እጅ ያልነካው ምድር" ብሎ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ይህ አምባ ባዶ ሆኖ የተገኘ ሳይሆን ባዶ የተደረገ ነው። እስከ 2016 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ3,500 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ብርዳም ሜዳ ላይ ገብስ የሚዘራበት፣ በግና ከብት የሚረባበት፣ አብዛኛው ነዋሪው ሙስሊም የሆነ መንደር ነበረበት።

የሰሜን ተራሮች ሕዝብ መቼም ብዙ ሆኖ አያውቅም። ብርዱ፣ ገደሉና የአፈሩ ስስነት አይፈቅዱም። ጥቂት መሆን ግን አለመኖር አይደለም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ላይ አግኝቶ የገለበጠው የአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ከተከዜ ማዶ፣ በረዶው እስከ ጉልበት በሚውጥ ተራራ ላይ የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይናገራል። ግብር የሚከፍል ሕዝብ ካለ ሀገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላም ተራራው ሰው አላጣም። ቤተ እስራኤላውያን በሰሜን አምባዎች ላይ የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው። አፄ ሠርፀ ድንግል፣ በኋላም አፄ ሱስንዮስ ዘምተውባቸዋል። በ1855 ካሳ ኃይሉ የሰሜኑን ገዢ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ይጀምርበታል የሚባለው ዘውድ የተደፋው እዚሁ "ሰው የሌለበት" በሚባለው ተራራ ሥር ነው።

ታዲያ "ባዶ" የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

በ1872 አሜሪካ የሎውስቶንን ብሔራዊ ፓርክ ስታደርግ፣ በዚያ ያድኑና ይሰፍሩ የነበሩ ነባር ሕዝቦች ከክልሉ እንዲወጡ ተደረገ። "ፓርክ ማለት ሰው የማይኖርበት ቦታ ነው" የሚለው አስተሳሰብ ዓለምን የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በአዋጅ ሲቋቋም ሐሳቡ አብሮ ገባ። ልዩነቱ እዚህ መንደሮቹ ከአዋጁ ቀድመው የነበሩ መሆናቸው ነው። ገበሬው አንድ ቀን ማለዳ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ያልተነቃነቀው ቤቱ "ፓርክ ውስጥ" ሆኖ አገኘው።

በ1978 ቦታው ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በዚያው ዘመን ግድም ደርግ ከገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮችን በኃይል አስነሣ። ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ የፓርኩ ሠራተኞች ለቀው ወጡ፤ የተነሡትም ሰዎች ቀስ በቀስ ተመለሱ። ሰው በኃይል የተነቀለበትን ቦታ አይረሳም፤ የነቀለው ክንድ ሲዝል ይመለሳል።

በ1996 ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባው። ዋልያው ተመናምኗል፤ ቀይ ቀበሮው ጥቂት ቀርቷል፤ እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ እየገፋ ነው ተባለ። ሐቁን መካድ አያስፈልግም። ልቅ ግጦሹ ጓሳውን ጨርሶት ነበር፤ የተዳፋቱም አፈር ታጥቧል። ዋልያ ደግሞ ከዚህ ሌላ በዓለም ላይ አገር የለውም። ከዝርዝሩ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች መካከል በፓርኩ ውስጥ ያለውን ሕዝብ መቀነስ ይገኝበታል። ወሰኑ እንደገና ተከልሎ አንዳንድ መንደሮች ከፓርኩ ውጭ ሆኑ። ጊች ግን መሀል ላይ ነበረች። በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ደባርቅ ከተማ ገቡ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ፤ ጭብጨባም ሆነ።

የካሳው ስሌት ቤትን፣ ማሳንና ምርትን ይቆጥራል። የማይቆጥረው ብዙ ነው። ደቦውን አይቆጥርም። የወል ግጦሹን አይቆጥርም። በየትኛው ወር ውርጭ ገብስ እንደሚያቃጥል የሚያውቁትን ሽማግሌ እውቀት አይቆጥርም፤ ያ እውቀት ደባርቅ ላይ ዋጋ የለውም። ገበሬ ብር ሲቀበል ሀብት ያገኘ ይመስላል። ማሳ በየዓመቱ ያበላል፤ ብር ግን አንዴ ከተበላ አይበቅልም። ከተማው ደግሞ ለተጫነው ሁሉ የሚሆን ሥራ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውም መታየት አለበት። በ2021 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደረሰ። ደባርቅ ከአዲ አርቃይ አቅጣጫ በሸሹ ተፈናቃዮች ተጨናነቀች። ማይ ዓይኒና አዲ ሐሩሽ የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞችም ዳባት አቅራቢያ በተቋቋመው ዓለምዋጭ መጠለያ ሰፈሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንድ ተራራ ግርጌ ለዋልያ ሲባል የተነሣ፣ ከጥይት የሸሸና ከአገሩ የተሰደደ ሰው ተገናኙ። የዋልያው ቁጥርም ግጭቱ በበረታባቸው ዓመታት እንደገና አሽቆለቆለ። ጊች ባዶ ሆናም ዋልያ አልዳነም። ጥበቃው ሲላላ መሣሪያ የያዘ ሁሉ አዳኝ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ "አንተ ማነህ?" የሚል ነዋሪ በአምባው ላይ አልነበረም።

ይህ ማለት ነገ ሁሉም ወደ ጊች ይመለስ ማለት አይደለም፤ ጓሳው ማገገም ጀምሯል፣ እንደገና መጨፍጨፍ የለበትም። ግን የፓርክ ጥበቃ፣ የአስጎብኚነት፣ የበቅሎ ኪራይና የማብሰል ሥራ ሲመጣ ተራራውን በስሙ የሚያውቀው የጊች ሰው ወረፋው ላይ ስንተኛ ነው? ከቱሪዝሙ ገቢ ለልጆቹ የሚደርሰው ስንት ነው? ፓርኩ ከአደጋ ዝርዝር መውጣቱ በይፋ ተነግሯል። ሰዎቹ ከአደጋ መውጣታቸውን የሚመዘግብ ዝርዝር ግን እስካሁን አልተከፈተም።