ተዘርጊ አካል

ታጣፊ ወንበር፣ ታጣፊ አልጋ እንላለን። በሳተላይት ምሕንድስና “ዲፕሎየብል ስትራክቸር” የሚባለውንም በዚሁ ቃል “ታጣፊ” ብሎ መተርጎም ይቀናል። እኔ ግን “ተዘርጊ አካል” እንዲባል እሟገታለሁ። ወንበሩ ሲፈለግ ይዘረጋል፣ ሲበቃ ይታጠፋል። ይህኛው ግን ምድር ላይ ተጣጥፎ ይሄዳል፣ ሰማይ ላይ አንዴ ይዘረጋል፣ ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም። አንቴናም፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም፣ ሸራም ሊሆን ይችላል።

ለምን መታጠፍ አስፈለገ? ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩት ትንሽ ሳተላይት፣ ኪዩብሳት፣ መነሻ ልኩ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው። ልኩን እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ጆርዲ ፑይግ ሱዋሪና ቦብ ትዊግስ የተባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ መምህራን ናቸው፤ ዓላማቸው ተማሪዎቻቸው ሳተላይት ሠርተው እንዲማሩ ነበር። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ኪዩብሳቶች መረጃ የሚልኩት 435 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ባለው፣ ለንግድ ባልሆነው የአማተር ሬዲዮ ሞገድ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሩብ ሞገድ የሚባለው አጭር አንቴና እንኳ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከሳጥኑ ጎን ይረዝማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አንቴናው የአናጢ ሜትር ከሚሠራበት ዓይነት ስስ ብረት ይቆረጥና፣ ሳጥኑ ላይ ተጠምጥሞ በክር ይታሰራል። ሳተላይቷ ከሮኬቱ ተለይታ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየች በኋላ አንዲት ሬዚስተር ትግላለች፣ ክሩ ይቀልጣል፣ ብረቱም በራሱ ጉልበት ይፈናጠራል። ክሩ እንቢ ካለ ሄዶ የሚነካካው ሰው የለም፤ የተማሪዎቹ የዓመታት ድካም ድምፅ ሳያሰማ ይቀራል።

ከዚህ የበለጠ የደፈሩት የዋርሶ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። “ፒ ደብልዩ ሳት 2” ያሏት ሳተላይታቸው ሁለት ኪዩብ ያህል ነበረች፤ ሆዷ ውስጥ ግን 4 ካሬ ሜትር ሸራ ተጠቅልሏል። ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም. መጠቀች፤ ታኅሣሥ 20 ቀን ሸራው ተዘረጋ። ዓላማው በዚያ ከፍታ ያለችውን ስስ አየር ይዞ ሳተላይቷን ቶሎ ማውረድ፣ ምሕዋሩንም ከቁርጥራጭ ማጽዳት ነው። ሸራው ብዙም ሳይቆይ ተቀደደ። ቢሆንም ሥራውን አልተወም፤ ሳተላይቷ የካቲት 16 ቀን 2013 ዓ.ም. ከባቢ አየር ውስጥ ገብታ ተቃጠለች። መልእክቷን በየአገሩ ያሉ የሬዲዮ አማተሮች እየተቀበሉ ለተማሪዎቹ ይልኩላቸው ነበር።

በዋልታዎች ላይ የሚዞሩ እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች በደቡብ ወሎ ሰማይም በየቀኑ ያልፋሉ። ለማዳመጥ በእጅ የተሠራ ያጊ የሚባል አንቴና፣ ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያና ኮምፒውተር ይበቃሉ፤ ለማስተላለፍ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሳተላይቶቹ የሚልኩት ሞገድ ተራራ አያልፍም፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከየጎፍ ተራራ ከፍ ብለው የሚያልፉበትን ሰዓት መምረጥ ነው። አገራችን የአማተር ሬዲዮ ልምድ አላት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ የነበረው የ“ኢ ቲ 3 ኤ ኤ” ጣቢያ ምስክር ነው። ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱን ኪዩብሳት በ2010 ዓ.ም. ምሕዋር አስገብቷል።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ሆይ፤ ለመመረቂያ ሥራ አንድ ተዘርጊ አንቴና አሠሩ። ሜትር፣ ክር፣ ሬዚስተርና ባትሪ ናቸው የሚፈለጉት። በብርድም መዘርጋቱን ለማየት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራችሁ ደጋግማችሁ ፈትኑት፤ ለዚህ ሮኬት አያስፈልግም።