ራስ ወደ ዞረበት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1915 ፈረንሳዊው አብራሪ ሮላን ጋሮስ በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ መትረየስ ተክሎ፣ በሚሽከረከረው ውልብልቢት መካከል እየተኮሰ የጠላት አውሮፕላን ጣለ። ውልብልቢቱን የሚመታ ጥይት እንዲነጥር ብሎ ብረት ለጥፎበት ነበር። በዚያው ዓመት አጋማሽ የጀርመኖቹ ፎከር አውሮፕላኖች የተሻለ ዘዴ ይዘው መጡ፤ የውልብልቢቱ ምላስ ከአፈሙዙ ፊት በደረሰ ጊዜ መትረየሱ ፋታ እንዲወስድ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ያለው ጠመንጃ ሆነ። አብራሪው በጎኑ ጠላት ቢያይ እንኳ መላ አውሮፕላኑን አዙሮ አፍንጫውን ካላቀና በቀር መተኮስ አይችልም። በማየትና በመተኮስ መካከል ብዙ ድካም ነበረ።

ይህን ድካም ካቀለሉት አንዱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1984 መረከብ የጀመረው አፓቼ ሄሊኮፕተር ነው። በአብራሪው የራስ ቁር ላይ፣ ከቀኝ ዓይኑ ፊት፣ የኢላማ ምልክት የሚያሳይ ትንሽ መስተዋት ተሰክቷል። የራስ ቁሩ ወዴት እንደ ዞረ መሣሪያዎች ይከታተላሉ፤ በሄሊኮፕተሩ ሥር ያለው 30 ሚሊ ሜትር መድፍም ራስ ወደ ዞረበት ይዞራል። የሚገርመው፣ ዓይን ብቻውን ቢቅበዘበዝ መድፉ አይንቀሳቀስም። የሚታዘዘው ለአንገት ነው።

ይኸው አሠራር ዛሬ ከሰው ቤት ገብቷል። ራስ ሲዞር የኮምፒዩተር ሥዕል አብሮ እንዲለወጥ አይቫን ሰዘርላንድ በ1968 ሠርቶ አሳይቶ ነበር። «ዲሲኤስ» በተባለው የአየር ውጊያ ጨዋታ፣ በ2022 በቀረበው አፓቼ፣ ተጫዋቹ እንደ «ትራክ አይአር» ባለ መሣሪያ መድፉን በራሱ እንቅስቃሴ ያነጣጥራል። በባርኔጣው ላይ ያሉትን ነጥቦች ከስክሪኑ በላይ የተቀመጠች ካሜራ ትከታተላለች። ስክሪኑ ግን ከቦታው ስለማይነቃነቅ፣ ተጫዋቹ ራሱን ጥቂት ሲያዞር በጨዋታው ውስጥ ያለው እይታ ብዙ እንዲዞር ይደረጋል። ስለዚህ ትንሽ የአንገት መንቀጥቀጥ ኢላማውን ያስታል። የጎረቤቴ ልጅ ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ ሊተኩስ ሲል ትንፋሹን ይይዛል።

እኔ ቀኔን በባንክ መስኮት የማሳልፍ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ከፍ ያለ ገንዘብ በአንድ ሰው ዓይን ብቻ አይከፈልም፤ አንዱ አይቶ ይቆጥራል፣ ሌላው አይቶ ይፈርማል። ደንበኞች በመዘግየታችን ይማረራሉ። ያቺ መዘግየት ግን ስንት ስሕተት እንዳዳነች እኛ እናውቃለን። የአየር ላይ ተኩስ ታሪክ ያቺን መዘግየት የማሳጠር ታሪክ ይመስለኛል። ጋሮስ አውሮፕላኑን እስኪያዞር ድረስ ሐሳቡን የሚለውጥበት ጊዜ ነበረው፤ የአፓቼውን አብራሪ ግን መድፉ ቀድሞ ዞሮ ይጠብቀዋል። የቀረችው ጣቱ ብቻ ናት፤ ቃታ ያለ ጣት አይሳብምና።

አበው «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ። ልብ የሚፈርድበት ስፍራ እየጠበበ ሄዶ ከአንዲት ጣት ሥር ቀርቷል። ልጁ ጨዋታው ሲያልቅ ባርኔጣውን አውልቆ ይነሣል። በእውነተኛው መድፍ ፊት የቆመ ሰው ግን እንዲህ አይነሣም።